የብሪታንያ ሙዚቃ ከለንደን ውጭ

በማስተምርበት ካምፕ ክራር ወይም ጊታር የሚሞካክር ልጅ ሁሉ ስለ ብሪታንያ ሲያነሳ ለንደንን ነው የሚጠይቀኝ። ነገሩ ግን እንዲያ አይደለም። እዚያ ጥገኝነት ጠይቆ ከመንግሥት መኖሪያ የሚቀበል ሰው ከተማውን አይመርጥም፤ ብዙ ጊዜ የሚመደበው ከለንደን ውጭ ነው። ግላስጎው ሊደርሰው ይችላል፣ ወይ በርሚንግሃም፣ ሊቨርፑል፣ ሼፊልድ፣ ካርዲፍ። ስለዚህ የእነዚህ አካባቢዎች ሙዚቃ ከምን እንደተነሳ፣ አዲስ ሰውም በየት በኩል እንደሚገባበት ያነበብኩትን ሰብስቤ ጽፌያለሁ። ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ሊቨርፑል ወደብ ነው። በ1950ዎቹ የመሣሪያ መግዣ ያልነበራቸው ወጣቶች ስኪፍል የሚባል ሙዚቃ ይጫወቱ ነበር። ከበሮው ልብስ የሚታሽበት ሸንተረር ያለው ቆርቆሮ ነው። ቤዙ ደግሞ ሻይ ቅጠል የሚመጣበት የጣውላ ሳጥን ላይ የመጥረጊያ እንጨት ተክሎ አንድ ክር መወጠር ነው፤ በቃ። ጆን ሌነን በ1956 ከትምህርት ቤት ጓደኞቹ ጋር ያቋቋመው ቡድን እንዲህ ያለ ነበር፤ ቢትልስ የወጣው ከዚያ ነው። በ1961 መጫወት የጀመሩበት ካቨርን የሚባለው ቤትም ምድር ቤት ውስጥ ያለ ጠባብ ክፍል ነበር።

በርሚንግሃም ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ለእኛ የሚቀርብ ነገር አለው። ከተማው የፋብሪካ ከተማ ነው። ቶኒ አዮሚ የሚባል ወጣት ጊታሪስት ብረታ ብረት ፋብሪካ ሲሠራ ማሽን የሁለት ጣቶቹን ጫፍ ቆረጠው። የላስቲክ ጠርሙስ አቅልጦ ለጣቶቹ ቆብ ሠራላቸውና መጫወቱን ቀጠለ። ኋላም ክሮቹን ላላ አድርጎ ይቃኝ ጀመር፤ ድምፁም ወፍራምና ከባድ ሆነ። እሱ ያለበት ብላክ ሳባዝ የመጀመሪያ አልበሙን በ1970 ሲያወጣ ሄቪ ሜታል የሚባለው ሙዚቃ መልክ ያዘ።

እዚያው በርሚንግሃም ሃንድስዎርዝ የሚባል ሰፈር አለ። ከካሪቢያን ደሴቶች የመጡ ስደተኞች የሰፈሩበት ነው። በዚያ ዘመን ጥቁር ሰው ብዙ ጭፈራ ቤት በር ላይ ይመለስ ነበር። ታዲያ ስደተኞቹ ምን አደረጉ? ትልልቅ ስፒከር በእጃቸው ሠርተው በየመኖሪያ ቤቱና በየምድር ቤቱ ዘፈን ማጫወት ጀመሩ። ሳውንድ ሲስተም የሚሉት ይሄ ነው፤ ብሪስቶልና ሊድስም እንዲሁ ነበር። በ1978 ስቲል ፐልስ የተባለው የሬጌ ባንድ የመጀመሪያ አልበሙን በዚሁ ሰፈር ስም ሰየመው። አባላቱ ራስተፈሪያን ስለሆኑ የጃንሆይን ስም ከእኛ በላይ ያነሳሉ ማለት ይቻላል።

ጎረቤቱ ኮቬንትሪ የመኪና ፋብሪካ ከተማ ነበር። በ1979 እዚያ የተመሠረተው ቱ ቶን የተባለ የሙዚቃ አሳታሚ ጥቁርና ነጭ ወጣቶች አብረው የሚጫወቱባቸውን ባንዶች አወጣ። ዘረኞች አደባባይ በሚሰለፉበት ጊዜ ይህ ቀላል ነገር አልነበረም። ከነሱ አንዱ፣ ዘ ስፔሻልስ፣ በ1981 ስለ ሥራ አጥነትና ስለተዘጉ ጭፈራ ቤቶች የዘፈነው ዘፈን በአገሪቱ አንደኛ ሆነ።

ወደ ሰሜን ከፍ ስንል የድንጋይ ከሰል መንደሮች አሉ። ሠራተኞቹ እኛ ማርሽ ባንድ የምንለውን ዓይነት የጥሩምባ ቡድን በየማዕድኑ ያቋቁሙ ነበር። የግራይምቶርፕ ቡድን ከ1917 ጀምሮ አለ። በጥቅምት 1992 ማዕድኑ ሊዘጋ ነው ተባለ፤ በዚያው ሰሞን ቡድኑ ለንደን ሄዶ የአገሪቱን ውድድር አሸነፈ። ማዕድኑ በ1993 ተዘጋ፣ ባንዱ ግን ዛሬም ይጫወታል። ከዚያ ብዙም በማይርቁት በሼፊልድ ዙሪያ ያሉ መንደሮች ደግሞ ከኅዳር ወር ጀምሮ እስከ ገና የገና መዝሙር በመጠጥ ቤት ይዘመራል። ድሮ ቤተ ክርስቲያን የተወቻቸው መዝሙሮች ናቸው፤ ሰው ግን አልተዋቸውም። እናቶቻችን ቢሰሙ ምን ይሉ ይሆን?

ዌልስ የራሷ ቋንቋ አላት። በየዓመቱ ነሐሴ ላይ የሚደረገው ትልቁ የባህል ውድድራቸው የሚካሄደው በዌልስኛ ነው። በስኮትላንድም ባራ በተባለች ደሴት በ1981 ልጆች ጋይሊክ ቋንቋን ከመሣሪያ ጋር የሚማሩበት ዝግጅት ተጀምሮ ወደ ሌላው አካባቢ ተዛመተ። የእኛው ሙላቱ አስታጥቄም ወደ ሙዚቃ ያዘነበለው በሰሜን ዌልስ ሬክሳም አካባቢ በሚገኝ ትምህርት ቤት ሲማር ነው፤ የተላከው ምህንድስና እንዲማር ነበር።

አሁን ወደ መግቢያው በር። በአብዛኛው ከተማ ኦፕን ማይክ የሚባል ምሽት አለ። መግቢያው ብዙ ጊዜ ነፃ ነው። ቀደም ብላችሁ ሄዳችሁ ስም ታስመዘግባላችሁ፣ ተራችሁ ሲደርስ ሁለት ወይም ሦስት ዘፈን ትጫወታላችሁ። ክራር ድምፁ ዝቅ ያለ ስለሆነ ማይኩን እንዲያቀርቡላችሁ ጠይቁ። አልኮል የማትጠጡ ከሆነ ሻይ ወይም ለስላሳ ማዘዝ ነውር አይደለም። ሴሽን የሚባለው ግን ሌላ ነው፤ በተለይ በስኮትላንድ ይዘወተራል። መድረክ የለውም፣ ተጫዋቾቹ ጠረጴዛ ከበው ይቀመጣሉ። መጀመሪያ አዳምጡ፣ ከዚያ መቀመጥ ይቻል እንደሆነ ጠይቁ።

እነዚህ ትንንሽ ቤቶች እየቀነሱ ነው። ኪራይና መብራት ይወደዳል፣ አጠገባቸው አዲስ አፓርታማ ይሠራና ነዋሪው ስለ ድምፅ ይከሳል። በ2014 የተቋቋመው ሚውዚክ ቬኑ ትረስት የሚባል ድርጅት ይሟገትላቸዋል። ቢሆንም ጃንሆይ በስደት በኖሩባት በባዝ ከተማ ከ1978 ጀምሮ የነበረው ሞልስ በታኅሣሥ 2023 ተዘግቷል። ስለዚህ ከመውጣታችሁ በፊት ቤቱ መኖሩን አረጋግጡ፤ የአውቶቡስ ሂሳብ በከንቱ አይውጣ።

አንድ ጥንቃቄ፦ ጉዳዩ ገና ያልተወሰነለት ጥገኝነት ጠያቂ በአጠቃላይ መሥራት አይፈቀድለትም፣ ተከፍሎ መዝፈንም ሥራ ነው። ኦፕን ማይክ ላይ በነፃ መጫወትና ገንዘብ ተቀብሎ መድረክ ላይ መውጣት ይለያያሉ። ማንም ሰው ክፍያ ቢያቀርብላችሁ ከመቀበላችሁ በፊት ጠበቃችሁን ጠይቁ። ወረቀት ያገኘ ሰው ግን መሥራት ይችላል። በየዓመቱ በሰኔ፣ የዓለም ስደተኞች ቀን በሚውልበት ሰሞን፣ ብሪታንያ ውስጥ የስደተኞች ሳምንት ይከበራል፤ ከ1998 ጀምሮ የቆየ ነው። አዘጋጆቹ ተጫዋች የሚፈልጉት ከወራት በፊት ስለሆነ በክረምቱ የደረሰ ሰው ከወዲሁ ቢጠይቅ ይሻላል።