ከነጋሪት እስከ እጅ ስልክ

በጣና ዳርቻ ወሬ ለዘመናት በታንኳና በገበያ ተጉዟል፤ የገዢ ቃል ግን ነጋሪት ተጎስሞ ይታወጅ ነበር። መናገርና ማሳወቅ የተለያዩ ሥልጣኖች ነበሩ። በ1985 ዓ.ም. የወጣው የፕሬስ ሕግ የግል ጋዜጦችን ቢፈቅድም አብዛኞቹ ያበቡት አዲስ አበባ ነው። ባሕር ዳር በ1987 ዓ.ም. ያገኘችው በየሳምንቱ የሚታተመውን የአማራ ክልል መንግሥትን ጋዜጣ «በኩር»ን ነበር፤ የክልሉ ሬዲዮና ቴሌቪዥን ኋላ ተከተሉ። አንባቢው ደብዳቤ መጻፍ ይችላል፣ የሚወጣውን የሚመርጠው ግን አርታኢው ነው።

ይህን የለወጠው ካሜራ ያለው ስልክ ነው። ነሐሴ 1 ቀን 2008 ዓ.ም. በባሕር ዳር ሕዝብ ለተቃውሞ ሰልፍ በወጣ ጊዜ፣ ከሕዝቡ ራስ በላይ ከፍ ብሎ የሚቀርጽ እጅ ጋዜጠኛ ያልነበረበትን ቦታ ለዓለም ማሳየት ይችል ነበር። በዚያው ሰሞን ግን ኢንተርኔቱ ተዘጋ። ከሰኔ 15 ቀን 2011 ዓ.ም. የባለሥልጣናት ግድያ በኋላ በመላ አገሪቱ ጠፋ፤ በ2015 ዓ.ም. ክረምት ደግሞ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋረጠ። ዲጂታል ሚዲያ የተናጋሪውን ቁጥር አብዝቷል፤ ሐሰተኛ ወሬና የጥላቻ ቃልም አብረው ገብተዋል። ማብሪያ ማጥፊያው ግን ዛሬም ከተናጋሪው እጅ አልገባም።