ግመል በፈረስ አገር

እንጅባራ ላይ ማታ ማታ የሚወርደውን ብርድ ያየ ያውቀዋል። ጋቢዬን ደርቤ ከእህቴ ልጅ አጠገብ ተቀምጫለሁ። እሱ ላፕቶፑ ላይ አጎንብሷል፤ እኔ ቡናዬን ፉት እላለሁ። ድንገት ስክሪኑ ላይ አንዲት ቃል ሥር ቀይ መስመር ተሰመረ።

«ምን ሆነ?» አልኩት።

«ስም አወጣጤ አልተወደደም፣ ጋሼ።»

«ማን ነው ያልወደደው?»

«ሊንተሩ።»

እኔ ደግሞ ሊንተር የሚባል አዲስ የቀበሌ ሹም የመጣ መስሎኝ ነበር! ልጁ ሳቀብኝና አስረዳኝ። የሰፈሩን እድር መዝገብ በድረ ገጽ መልክ እየሠራ ነው። ፕሮግራም ውስጥ የአባሉ ስም፣ የወር መዋጮው፣ የተመዘገበበት ቀን እያንዳንዱ የሚቀመጥበት ዕቃ አለው፤ ለዕቃውም ስም ይወጣለታል። ቫሪያብል ይሉታል። እኔ ከጓዳ ወስጄ፣ ስም የተለጠፈበት ማሰሮ ነው ብዬ ተረዳሁት። የልጁ ፕሮግራም ይሠራል፤ አልተበላሸም። ግን አንዱን ማሰሮ ከሌሎቹ በተለየ ደንብ ስም ስላወጣለት፣ ሊንተር የተባለው ተቆጣጣሪ ቀይ አሰመረበት።

ዕድሜዬን ሥነ ጽሑፍ ሳስተምር፣ ቀይ እስክሪብቶ ይዤ የተማሪ ድርሰት ሳርም የኖርኩ ሰው ነኝና ነገሩ ከነከነኝ። እንጀራዬን ማሽን ወስዶታል ማለት ነው።

የፕሮግራም ቋንቋዎች በአንድ ስም መሃል ባዶ ቦታ አይፈቅዱም። «የአባል ስም» ብለህ ብትጽፍ ማሽኑ ሁለት ነገር ያደርገዋል። የእኛ የብራና ጸሐፊዎች ቃል ከቃል የሚለዩት በሁለት ነጥብ ነበር። ፈረንጆቹ ደግሞ የየራሳቸውን መላ ዘየዱ። አንደኛው ቃላቱን አጣብቆ የሁለተኛውን ቃል መነሻ በትልቁ ፊደል መጻፍ ነው። መሃሉ ላይ ሻኛ ያወጣልና «የግመል አጻጻፍ» ተባለ። ሌላው በቃላቱ መካከል ከግርጌ ሰረዝ መዘርጋት ነው፤ መሬት ለመሬት ስለሚሄድ «የእባብ አጻጻፍ» አሉት። የፓይተን ቋንቋ ሰዎች እ.ኤ.አ. በ2001 ባወጡት ደንብ ለቫሪያብል እባቡን መረጡ፤ ድረ ገጽ የሚሠሩት የጃቫስክሪፕት ሰዎች ግመሉን ለመዱ። የእህቴ ልጅ መጀመሪያ የተማረው ፓይተን ስለሆነ እባቡን ይዞ ግመሎቹ መሃል ገባ። መቼም አዊ የፈረስ አገር ነው፤ ግመል ከየት ያውቃል?

የዚህ ተቆጣጣሪ ታሪክ ከልጁ ዕድሜ በእጅጉ ይበልጣል። እ.ኤ.አ. በ1978 ስቲቭን ጆንሰን የሚባል የቤል ላብራቶሪ ባለሙያ በሲ ቋንቋ የተጻፉ ፕሮግራሞችን እየፈተሸ አጠራጣሪውን የሚጠቁም መሣሪያ ሠራ፤ ስሙንም «ሊንት» አለው። ሊንት ማለት ከልብስ ላይ የሚነሳው የጥጥ ብናኝ ነው። ሸማ ያጠበ ያውቀዋል፤ ልብሱን አይቀድደውም፤ ግን አራግፈኸው ካልለበስከው ያሳፍርሃል። ጃቫስክሪፕት እ.ኤ.አ. በ1995 በ10 ቀን ጥድፊያ የተወለደ፣ ብዙ ስሕተት አይቶ እንዳላየ የሚያልፍ ቋንቋ ነበርና ጥብቅ ዘበኛ አስፈለገው። ዳግላስ ክሮክፎርድ እ.ኤ.አ. በ2002 አንድ ዘበኛ አቆመለት። ደንቡ ግን የክሮክፎርድ የራሱ ምርጫ ነበር፤ ተጠቃሚው ብዙም አይከራከረውም። እ.ኤ.አ. በ2013 ኒኮላስ ዛካስ ኢኤስሊንት የተባለውን ሲያወጣ ነገሩ ተለወጠ። ደንቡን የሥራ ቡድኑ ራሱ ተስማምቶ ይጽፈዋል፤ ማሽኑ ሥራው ማስከበር ብቻ ነው። እኔን የማረከኝ ይኼኛው ነው።

ዘበኛ ያልነበረ ጊዜ ምን እንደሚሆን የሚያሳይ አንድ ጉድ ላጫውታችሁ። ኢንተርኔት ላይ ከአንዱ ገጽ ወደ ሌላው ስትሄዱ፣ ከየት እንደመጣችሁ የሚናገር መልእክት ከእናንተ ጋር ይላካል። ስሙ በእንግሊዝኛ «ሪፈረር» ነው። ሐሳቡን ያቀረበው ፊሊፕ ሃላም ቤከር ሲጽፈው አንድ «አር» ፊደል ገደፈ። ማንም ሳያርመው እ.ኤ.አ. በ1996 በታተመው ደንብ ውስጥ ገባ። ከዚያማ ማን ይንካው! የዓለም ኮምፒውተሮች ሁሉ በተገደፈው ስም መነጋገር ጀምረዋል። እስከ ዛሬም ስሕተቱ በዓለም ዙሪያ ይመላለሳል። በትምህርት ቤት መዝገብ ስሙ ተሳስቶ ተጽፎ፣ በተሳሳተው ስም ዲግሪ የያዘ ሰው የማያውቅ አለ?

ወደ ቤታችን ስንመለስ፣ እኛ ይህን ክርክር የጀመርነው ኮምፒውተር ሳይታሰብ ነው። ሀ፣ ሐ እና ኀ፤ ሰ እና ሠ፤ አ እና ዐ፤ ጸ እና ፀ በግዕዝ የየራሳቸው ቦታ ነበራቸው፤ በአማርኛ ድምፃቸው አንድ ሆነ። ፊደል ይሻሻል የሚለው ሐሳብ በ1940ዎቹ ዓ.ም. በግልጽ ተከራክሮበታል፤ በደርግ ዘመን የቋንቋዎች አካዳሚውም ሞክሮታል። የጎጃሙ ሰው ሐዲስ ዓለማየሁ የማሻሻሉ ደጋፊ ነበሩ። በ1958 ዓ.ም. የወጣው «ፍቅር እስከ መቃብር» ውስጥ የሚጠብቀውን ፊደል ለመለየት ከላዩ ነጥብ አኖሩበት፤ «አለ» ሲጠብቅና ሲላላ የተለያየ ነውና። ልብ ወለዱን አገር ወደደው፤ ነጥቡን ግን ማንም አልተከተለም። ደስታ ተክለ ወልድ በበኩላቸው በ1962 ዓ.ም. የወጣውን ትልቁን መዝገበ ቃላት «ዐዲስ» ብለው ሰየሙት፤ በዓይኑ «ዐ»። የታተመበት ከተማ ደግሞ አዲስ አበባ፣ በአልፋው «አ»! ሁሉም በየራሱ ልክ ነው። ጭንቁም እዚህ ላይ ነው።

እኔ ወጣት አስተማሪ ሳለሁ ከአሻሻዮቹ ወገን ነበርኩ። «ሠረቀ» ማለት ወጣ፣ «ሰረቀ» ማለት ሌባ ሆነ፤ ልዩነቱ ይጠበቅ የሚሉትን ሊቃውንት፣ ጆሮ የማይሰማውን ዓይን ምን አስጨነቀው እያልኩ አፌዝባቸው ነበር። ልጁ ያን ማታ አፌን አስያዘኝ። ፕሮግራመሮች «ተማሪ» የሚለውን ቃል በትልቅ ፊደል ሲጀምሩት የተማሪን ዓይነት በጠቅላላው፣ በትንሽ ሲጀምሩት አንዱን ተማሪ ለይተው ያመለክታሉ። ሲነበብ ድምፁ አንድ ነው። የዓለም ዘመናዊ ሙያተኛ የእኛ መሪጌቶች የሚሉትን እያደረገ ነው ማለት ነው! ልዩነቱ እነዚያ በደጃፋቸው ቀን ከሌት የማይተኛ ዘበኛ አቁመዋል። የእኛው ዘበኛ መሪጌታው ነበሩ፤ ደብር ካልሄድክ አታገኛቸውም።

ትልቅና ትንሽ ካልሁ አይቀር፣ የእኛ ፊደል ትልቅና ትንሽ የለውም። ጎ የሚባለው የጉግል ቋንቋ ከአንዱ የፕሮግራም ክፍል ወደ ሌላው እንዲታይ የሚፈቅደው በትልቅ ፊደል የሚጀምረውን ስም ብቻ ነው። ስለዚህ በ«ሀ» የሚጀምር ስም ከቤቱ አይወጣም። ክፋት ኖሮበት አይደለም፤ ደንቡ ሲወጣ የእኛን ፊደል ያሰበው ስላልነበረ ነው።

ፊደላችን ኮምፒውተሮች የሚግባቡበት ዩኒኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው፤ 345 ምልክት ሆኖ። እያንዳንዱ የራሱ ቁጥር አለው፤ ሀ 1200፣ ሐ 1210፣ ኀ 1280። ለማሽኑ በ«ሀ» እና በ«ኀ» መካከል ያለው ርቀት በ«ሀ» እና በ«መ» መካከል ካለው አያንስም። እስቲ «ዓለምፀሐይ» የሚለውን ስም ውሰዱ። መነሻው በአ፣ በኣ፣ በዐ ወይም በዓ ሊጻፍ ይችላል፤ ጸሎቱ «ጸ» ወይም ፀሐዩ «ፀ» አለ፤ ለ«ሐ» ደግሞ ግዕዝና ራብዑን ከቆጠርን ስድስት አማራጭ አለ። ሲባዛ 48 ይሆናል። አንዲት ሴት፣ 48 አጻጻፍ።

ይኼ ጨዋታ እንዳይመስላችሁ። ልጁን ወደዚህ ሥራ ያስገባው አንድ የእድር ጉዳይ ነው። የመዝገቡ ደብተር በኮምፒውተር ተገልብጦ ነበር። ባሏ የሞተባት አንዲት አባል (ስሟን አልጠራም፤ ከላይ እንዳልኩት ዓይነት ስም ነው) የእድሩን ገንዘብ ስትጠይቅ፣ ስሟ ተፈለገና ኮምፒውተሩ «የለችም» አለ። ለዓመታት መዋጮ የከፈለች ሴት! ደብተሩ ተገልጦ እስኪገኝ ሦስት ሳምንት በሐዘን ላይ ሐዘን ሆነባት። ማንም አልበደላትም፤ አንዱ በ«ፀ» ጻፈ፣ ሌላው በ«ጸ» ፈለገ።

ልጁ ሙያውን ያጠናው በአብዛኛው ብቻውን ነው። በ2015 ዓ.ም. ክረምት በክልሉ ኢንተርኔት ተቋርጦ ወራት ሲቆጠር የሚጠይቀው ሰው አጥቶ ነበር። ሊንተሩ ግን ላፕቶፑ ውስጥ ስለሆነ ኢንተርኔት አይጠይቅም። «አልተለየኝም» አለኝ። ቀይ እስክሪብቶ እንዲህ ሲመሰገን ሰምቼ አላውቅም፤ የእኔ ተማሪዎችስ ምን ይሉ ይሆን?

ለስሙ ጣጣ መላ አግኝቶለታል። ሰው ስሙን ራሱ እንደሚጽፈው ይመዘገባል፤ ማንም አይነካበትም። ፍለጋ ሲሆን ግን ፕሮግራሙ ከጓዳ ሆኖ ሞክሼዎቹን ወደ አንድ ፊደል ይመልሳቸውና ያመሳክራል። 48ቱም አጻጻፍ አንዲቷን ሴት ያመጣሉ። መሪጌታውም አሻሻዩም ሳይጣሉ!

አስቸጋሪ የሆነበት የቦታና የአዊ ስሞች ናቸው። ከተማይቱ አንዱ ጋ እንጅባራ፣ ሌላው ጋ እንጂባራ ናት፤ ኮሶበር የሚላትም አለ። ዳንግላን በአማርኛ ስንጽፋት ሰላም ናት። በላቲን ሲሆን «ግ» ሳድስ ስለሆነች አንዱ «ዳንጊላ» የሚያስመስል አናባቢ ይጨምርባታል፤ ሌላው ይተዋል። እ.ኤ.አ. ከ1925 እስከ 1934 የእንግሊዝ ቆንስል ሆኖ ዳንግላ የተቀመጠው ቺዝማን ጣናንና ዓባይን እየዞረ ካርታ ያነሳ ሰው ነው። የውጭ ሰው የአገሬውን ስም ጆሮው እንደሰማው በራሱ ፊደል ያሰፍራል፤ ተከትሎት የመጣው ደግሞ ካርታውን እንጂ አገሬውን አይጠይቅም።

እኛም ብንሆን ከቺዝማን ብዙ አንሻልም። የአዊ ሕዝብ ቋንቋ ስም መሃል ላይ «ን» እና «ግ» በአንድ ትንፋሽ የተባሉ የሚመስል ድምፅ አለ፤ በአማርኛ ገበታ ላይ የራሱ ፊደል የለውም። ስለዚህ አንዱ ጸሐፊ አውኚ ይላል፤ ሌላው አውንጊ፤ ሌላው አዊኛ፤ ሽማግሌዎቹ አገውኛ። ያው ድምፅ በሰው ስም ውስጥ ሲመጣ መዝጋቢው ጆሮው እንዳደረሰው ይጽፋል፤ ባለስሙም ወረቀቱን ተቀብሎ ይሄዳል።

ለዚህኛው የልጁ ፕሮግራም ምን መላ እንዳለው ጠየቅኩት። ዝም ብሎ ስክሪኑን ወደ እኔ አዞረው። ለማሽኑ ሳይሆን ለሰው በሚተው ማስታወሻ ቦታ ላይ፣ በሁለት እዝባር ጀምሮ፣ በአማርኛ እንዲህ ጽፏል፦ «የአዊ ስሞች። ደንቡን ከማውጣቴ በፊት አያቴ እየጠራችልኝ ልስማ።»

ሊንተሩ ምንም አላለም። አያትየዋ ጓዳ ውስጥ ነበሩ፤ ተነሥቶ ወደዚያው ሄደ።