ደህና ነን

እስቲ ጠጋ በሉ፤ የአንዲትን እናት ታሪክ ላውጋችሁ። ‹‹ዘ ሬክለስ ሞመንት›› በሚባል የ1949 የሆሊውድ ፊልም ውስጥ ያለ ታሪክ ነው። ያዘጋጀው ናዚን ሸሽቶ ከጀርመን የወጣው ማክስ ኦፉልስ ነው።

በካሊፎርኒያ፣ ባልቦአ በምትባል የባሕር ዳር መንደር፣ ሉሲያ ሐርፐር የምትባል የቤት እመቤት ነበረች። እሷን ሆና የተጫወተችው ጆአን ቤኔት ናት። ባሏ ለሥራ በርሊን ሄዷል። እቤት ደግሞ አማቷ አሉ፣ ጎረምሳ ልጇ አለ፣ ሠራተኛዋ ሲቢል አለች፤ ትልቋ ልጇም ቢ አለች።

ቢ ዕድሜው የገፋ፣ ምግባሩ የከፋ ዳርቢ የሚባል ሰው ወደደች። እናት ሎስ አንጀለስ ድረስ ሄዳ ‹‹ልጄን ተዋት›› ብትለው ገንዘብ ጠየቃት። ማታ በቤታቸው ጀልባ ማቆያ ሲገናኙ፣ ልጅቷ ገንዘብ መጠየቁ እውነት መሆኑ ሲገባት በእጅ ባትሪ መታችውና ሮጠች። እሱም ተንገዳግዶ ከታች ካለው መልሕቅ ላይ ወድቆ ሞተ።

ጠዋት ሬሳውን ያገኘችው እናት ናት። ማንንም አልጠራችም። ብቻዋን እየጎተተች ጀልባ ላይ ጫነችው፤ ርቃም ሄዳ ጣለችው። ከዚያ ተመልሳ የቤቷን ሥራ ቀጠለች!

ብዙም ሳይቆይ ዶኔሊ የሚባል አየርላንዳዊ መጣ፤ የተጫወተው ጄምስ ሜሰን ነው። ቢ ለሟቹ የጻፈቻቸውን ደብዳቤዎች ይዟል። ‹‹5,000 ዶላር፣ አለዚያ ለፖሊስ›› አላት።

ወገኖቼ፣ አንጀቴን የሚበላኝ ከዚህ በኋላ ያለው ነው። ያን ሁሉ ቤት የምታስተዳድር ሴት ገንዘብ ልትበደር ስትወጣ፣ ያለ ባሏ የሚያምናት የለም። ጌጧን አስይዛ ያገኘችውም አልበቃም። እቤት ደግሞ ለአፍታ ብቻዋን መሆን አትችልም፤ በር ዘግታ ልታለቅስ እንኳ አንዱ ይጠራታል። ይህን ያየላት ማን መሰላችሁ? ሊዘርፋት የመጣው ሰው! እያያት ልቡ ራራ፤ ወደዳት።

ሲቢልም ነገሩ ገብቷታል። ብዙ አትናገርም፤ ዓይኗ ግን ከእመቤቷ አይነቀልም። እሷን ሆና የተጫወተችው ጥቁሯ ተዋናይት ፍራንሲስ ዊልያምስ ስሟ በፊልሙ ላይ አልተጻፈም። ይህ እስከ ዛሬ ያሳዝነኛል።

በመጨረሻ፣ በዚህ ዘረፋ የዶኔሊ ሸሪክ የነበረው ሰው ገንዘቡን ሊቀበል ራሱ መጣ። ዶኔሊ አንቆ ገደለው፤ ሬሳውን በመኪና ጭኖ ሲሄድም ተገለበጠ። ሉሲያና ሲቢል ደረሱበት። ደብዳቤዎቹን መለሰላትና ‹‹ሂጂ›› ብሎ ለመናት። የዳርቢንም ደም በራሱ ላይ አድርጎ ለፖሊስ ተናዞ ሞተ።

እሷ አልጋዋ ላይ ተደፍታ ስታለቅስ ስልክ ተደወለ። ባሏ ነው፣ ከበርሊን። ልጆቹ ከበቧት። እንባዋን ጠርጋ ወረደች፤ ካሜራው በደረጃው መደገፊያ መካከል ያያታል። ስለ ገና ዛፍ ታወራለች፤ ደህና ነን፣ አንተ ብቻ ነህ የጎደልከው ትለዋለች።