ቢራው ክለቡን ወለደውን?

በስም መመሳሰል ሳቢያ ታሪክ ሲዛነፍ ማየት በአገራችን አዲስ ነገር አይደለም። «ቅዱስ ጊዮርጊስ ክለብን የመሠረተው ቢራ ፋብሪካው ነው» የሚለው አባባልም ከዚሁ የሚመደብ ነው። ጉዳዩ የስም ክርክር ብቻ ቢሆን ኖሮ ባለፍነው ነበር፤ ነገር ግን ስፖርታችን በማን ትከሻ ላይ ቆሟል ከሚለው ጥያቄ ጋር የተቆራኘ ነውና ልናጤነው ይገባል።

የቅዱስ ጊዮርጊስ ቢራ ፋብሪካ የተቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1922 ነው። ክለቡ የተወለደው ከዚያ ወዲህ፣ የፋሺስት ወረራ በጀመረበት በ1928 ዓ.ም.፣ በአራዳ ነው። መሥራቾቹ አየለ አትናሽና ጆርጅ ዱካስ የሰፈር ወጣቶች እንጂ የፋብሪካ ሹማምንት አልነበሩም። ከነጻነት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1944 የመጀመሪያው ሊግ ሲካሄድ፣ ከእንግሊዝ ጦርና ከውጭ ማኅበረሰቦች ቡድኖች ጋር የኢትዮጵያውያንን ስም ይዞ የተሰለፈው ይኸው ክለብ ነበር። እ.ኤ.አ. ከ1972 እስከ 1987 የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽንን የመሩት ይድነቃቸው ተሰማም ለዚሁ ክለብ ተጫውተዋል።

ደርግ ፋብሪካውን ወረሰ፤ ክለቡም በቢራ ፋብሪካ ስም እንዲጫወት ተደረገ። ሥርዓቱ ሲወድቅ የቀደመ ስሙ ተመለሰ። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መገባደጃ ፋብሪካው ለፈረንሳዩ ካስቴል ተሸጠ፤ አዲሱም ባለቤት ለክለቡ ዋና የገንዘብ ደጋፊ ሆነ። እንግዲህ መንግሥት ተለወጠ፣ ባለቤት ተለወጠ፣ ስም እንኳ ተለወጠ፤ ክለቡ ግን ደጋፊው ሕዝብ ነበርና ኖረ።

በአንጻሩ ሐረር ቢራን፣ ሜታ አቦንና ዳሸን ቢራን እንመልከት። እነዚህ ክለቦች ስማቸውም ሕልውናቸውም የፋብሪካው ነበር። እ.ኤ.አ. በ2011 ሄኒከን በደሌንና ሐረርን ገዛ፤ በ2012 ዲያጆ ሜታ አቦን በ225 ሚሊዮን ዶላር ጠቀለለ። ብሔራዊ ቡድናችን ከ31 ዓመት በኋላ ለአፍሪካ ዋንጫ በበቃ ማግሥት፣ እ.ኤ.አ. በ2014፣ ሄኒከን አዲሱን ቢራውን «ዋልያ» ብሎ ሰየመ። የቢራ ገበያው እንዲህ ሲደራ ሦስቱ ክለቦች ግን ዛሬ በፕሪሚየር ሊጉ የሉም።

በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1112 የአልኮል ማስታወቂያን ከብሮድካስት አገደ። ብዙም ሳይቆይ፣ እ.ኤ.አ. በ2020፣ ሊጉ የአንድ አቋማሪ ድርጅትን ስም ተሸከመ። አንዱ ሱስ ሲወጣ ሌላው ገባ ማለት ነው።

ይህን ስል የኩባንያን ገንዘብ መንካት ኃጢአት ነው ማለቴ አይደለም፤ ያለ ገንዘብ ኳስ አይንከባለልም። ነገር ግን ደጋፊና ባለቤት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ገንዘብ ሰጪው ነገ ቢሄድ ክለቡን ይዞት የሚሄድ ከሆነ፣ ያ ክለብ ቀድሞውኑ የማስታወቂያ ሰሌዳ እንጂ ክለብ አልነበረም።