ከፌርፋክስ አረንጓዴ ገንዳ እስከ ቆሼ

በሎስ አንጀለስ ፌርፋክስ ጎዳና ላይ፣ ከኦሊምፒክ ቡልቫርድ በስተደቡብ ያለችው አጭር መንገድ በከተማው ምክር ቤት ውሳኔ “ሊትል ኢትዮጵያ” የተባለችው እ.ኤ.አ. በ2002 ነው። ስለዚች ሰፈር ስብሰባና ሰልፍ፣ ስለ ድርጅቶቻችን መከፋፈልም ብዙ ተጽፏል። ዛሬ ግን አንባቢን ወደ ምግብ ቤቶቹ ጓሮ፣ ወደ ቆሻሻ ገንዳው ልወስድ ነው። “የአገር ጉዳይ አልቆ ነው ወይ ስለ ቆሻሻ የሚወራው?” የሚል አይጠፋም። ነገሩ ግን የአገር ጉዳይ ነው።

የካሊፎርኒያው ገዥ የነበሩት ጄሪ ብራውን እ.ኤ.አ. በ2016 ኤስ ቢ 1383 የተባለውን ሕግ ፈረሙ። ሥራ ላይ የዋለው በ2022 መግቢያ ነው። ሕጉ ሁለት ነገር ይላል። ሊበላ የሚችል ምግብ ሳይበላሽ ለተራበ ሰው ይድረስ፤ የማይበላው ደግሞ ከተራ ቆሻሻ ተለይቶ ብስባሽ ማዳበሪያ ወይም ጋዝ ይሁን። ትልልቅ የምግብ መደብሮች ከ2022 ጀምሮ፣ 250 እና ከዚያ በላይ መቀመጫ ያላቸው ምግብ ቤቶች ደግሞ ከ2024 ጀምሮ የተረፋቸውን የሚበላ ምግብ የመስጠት ግዴታ አለባቸው። የፌርፋክስ ቤቶቻችን እዚያ ልክ የሚደርሱ አይደሉም፤ የሽንኩርቱን ልጣጭና የተበላበትን እንጀራ ቁራሽ የመለየቱ ግዴታ ግን ለእነሱም ነው። “ሰጥቼ ሰው ቢታመም እከሰሳለሁ” ለሚለው ነጋዴም ፕሬዚዳንት ክሊንተን እ.ኤ.አ. በ1996 የፈረሙት የፌዴራል ሕግ በቅን ልቦና የሰጠን ሰው ከክስ ይከላከላል። የክፍለ ግዛቱ መንግሥት በበኩሉ ምግብ ለሚያሰባስቡ ድርጅቶች የገንዘብ ድጋፍ ይሰጣል። ሁሉም ተሳክቷል ማለት አይደለም። ሊትል ሁቨር የተባለው የክፍለ ግዛቱ ኮሚሽን በ2023 አፈጻጸሙ ወደኋላ መቅረቱን ገልጦ ሕጉ ለጊዜው ቆም እንዲል እስከ መምከር ደርሶ ነበር። ቢሆንም መንግሥት የሚጠየቅበት ግብና ቀን ተጽፎ ተቀምጧል።

ፈረንጆቹ “ሰርኩላር ኢኮኖሚ” ያሉትን እናቶቻችን ስም ሳያወጡለት ኖረውበታል። ያደረው እንጀራ ፍርፍር ይሆናል፤ የደረቀው ድርቆሽ ሆኖ የዘማችና የመንገደኛ ስንቅ ነው። የጠላው አተላ ለከብት፣ የኑጉ ፋጉሎና የስንዴው ፍሩሽካ ለወተት ላም፣ የላሟ እበት ለማገዶና ለማሳ። ከዚህ ሁሉ ውስጥ ምን ተጣለ?

ሕዝቡ እንዲህ ሲቆጥብ መንግሥታቱ ምን ይሠሩ ነበር? በ1966 የወሎ ሕዝብ በረሃብ ሲያልቅ ቤተ መንግሥቱ ነገሩን ሸፈነ። ደርግ ንጉሡን ሊያወርድ ዋዜማ ላይ የረሃቡን ፊልም ከቤተ መንግሥት ድግስ ጋር አቀላቅሎ በቴሌቪዥን አሳየ። ያው ደርግ ራሱ ከ10 ዓመት በኋላ፣ በመስከረም 1977፣ ወሎና ትግራይ እያለቁ የአብዮት በዓሉን ደገሰ። የሌላውን ድግስ ማጋለጥ ቀላል ነው።

ኢሕአዴግስ? ቢያንስ በወረቀት ሕግ አወጣ። የደረቅ ቆሻሻ አያያዝ አዋጅ ቁጥር 513/1999 ምግብ ቤቶችና የምግብ ፋብሪካዎች ከምግብ የሚወጣ ቆሻሻቸውን አካባቢን በማይጎዳ መንገድ እንዲያስወግዱ ያዝ ነበር። አዲስ አበባ ላይ የሆነው ግን ሌላ ነው። የሆቴልና የካፍቴሪያ ትራፊ “ቡሌ” ተብሎ፣ በላስቲክ ተቋጥሮ ለድሃ ተሸጠ። “ባለ ሁለት አኃዝ ዕድገት” በሚለፈፍበት ከተማ ሰው የሌላውን ትራፊ በገንዘቡ ይገዛ ነበር! ቡሌ እንኳ ያልሆነው ቆሼ ይጣላል፤ እዚያም ከመኪናው የሚራገፈውን ለቅመው የሚኖሩ ነበሩ።

በ2008 ቆሼን ይተካል የተባለው የሰንዳፋ መጣያ ተከፈተ። የአካባቢው ገበሬዎች ስለተቃወሙት በወራት ውስጥ ተዘጋና ቆሻሻው ወደ ቆሼ ተመለሰ። መጋቢት 2 ቀን 2009 የቆሻሻው ተራራ ተንዶ ከሥሩ በነበሩት ቤቶች ላይ ወደቀ። ከ110 ሰው በላይ ሞተ፤ ብዙዎቹ ሴቶችና ሕፃናት ነበሩ። ፓርላማው የ3 ቀን ሐዘን አወጀ። አገሪቱ ያን ጊዜ በአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሥር ነበረች፤ ጠያቂ አፍ እንዳልተፈለገ ልብ ይሏል።

በቀጣዩ ዓመት ነሐሴ ወር እዚያው ቆሼ ላይ ቆሻሻን አቃጥሎ ኤሌክትሪክ የሚያመነጨው የረጲ ፋብሪካ ተመረቀ። በአፍሪካ የመጀመሪያው ነው ተብሎ ተጨበጨበ። የአዲስ አበባ ቆሻሻ ግን አብዛኛው የምግብና የአትክልት ነው፤ እርጥብ ነው። እርጥብ ነገር ሲቃጠል ሙቀቱ ውኃውን በማድረቅ ያልቃል፤ ለአፈር ይሆን የነበረውም ጢስ ሆኖ ይቀራል። ማዳበሪያ በውጭ ምንዛሪ የምትገዛ አገር ብስባሹን ታቃጥላለች። እርግጥ የሚታይ ጭስ ማውጫ ለምረቃ ያምራል፤ የብስባሽ ክምር ላይ ሪባን የሚቆርጥ ባለሥልጣን እስካሁን አላየሁም።

የሚያስፈልገው ሌላ ፋብሪካ አይመስለኝም። የደረቅ ቆሻሻ ሕጉ ይሻሻል። ትልልቅ ሆቴሎች ያልተነካውን ምግብ ቡሌ ሳይሆን በንጽሕና እንዲሰጡ ይገደዱ፤ በቅንነት የሰጠውም ከክስ ይጠበቅ። ክፍለ ከተሞች ለብስባሽ ማዳበሪያ በጀት ይያዝላቸው፤ ሥራውም ቅድሚያ ከቆሼ ለቅመው ይኖሩ ለነበሩት ይሰጥ።