ከቅኔ ቤት እስከ ቴሌግራም፦ የጀማሪ ገጣሚዎች ጉባኤ

በጽሑፍ ከተገኙት የአማርኛ ግጥሞች ሁሉ ዕድሜ ጠገቦቹ ለነገሥታት ክብር የተዘፈኑት ናቸው። ከአፄ ዓምደ ጽዮን ዘመን (እ.ኤ.አ. 1314–1344) አንሥቶ እስከ አፄ ገላውዴዎስ ድረስ የነገሡትን የሚያወድሱት እነዚህ ግጥሞች በብራና ላይ ሰፍረው ቆይተዋል፤ የገጣሚዎቹ ስም ግን አብሯቸው አልሰፈረም። የተረፈው ቃሉና የተሰማበት ሁኔታ ነው፤ የተገጠሙት ለዜማና ለተሰበሰበ ሰው ጆሮ ነበር። የአማርኛ ግጥም ከዚያ ወዲህም በብዙው ያደገው በሰው ፊት ነው። ስማቸው በመጽሐፍ ሽፋን ላይ ከታተመ ባለሙያዎች ጀርባ ሁልጊዜ የሚያዳምጥ፣ የሚያደፋፍርና የሚያርም ጉባኤ ነበረ። ጉባኤው ከቅኔ ቤት ወደ ለቅሶ ቤት፣ ከጋዜጣ ወደ አዳራሽ፣ ከአዳራሽም ወደ ስልክ እየተዘዋወረ እዚህ ደርሷል።

የቅኔ ቤት ሥርዓት

ይህ ጉባኤ መልክና ደንብ ያለው ትምህርት ሆኖ የኖረው በቤተ ክርስቲያን ቅኔ ቤት ነው። ቅኔ የሚደረሰው በግዕዝ ቢሆንም የአማርኛን ግጥም አእምሮ የቀረጸው እርሱ ነው፤ ሰምና ወርቅ የሚባለው የምሥጢር አነጋገር ከዚያ ወጥቶ በተራው ሕዝብ ንግግር ውስጥ ገብቷል። በጎጃም ዋሸራ፣ ጎንጅና ዲማ ጊዮርጊስ፣ በወሎ ደግሞ ዋድላ በቅኔ ትምህርት ስማቸው የገነነ ቦታዎች ናቸው። ተማሪው ደበሎ ለብሶ፣ አኩፋዳውን አንግቶ፣ በየመንደሩ እየለመነ ከመምህር ወደ መምህር ይዞር ነበር።

ትምህርቱ ከትንሹ ይጀምራል። የመጀመሪያው የቅኔ ዓይነት ሁለት ቤት ብቻ ያለው ጉባኤ ቃና ነው፤ ጀማሪ ከሁሉ በፊት የሚደርሳት ትንሽ ቅኔ በስሟ ውስጥ «ጉባኤ» የሚለውን ቃል መያዟ ደስ የሚል አጋጣሚ ነው። ተማሪው ከዚያ ባለ ሦስት ቤቶቹን እነ ዘአምላኪየን፣ ቀጥሎ ባለ ስድስቱን ሥላሴ፣ በኋላም ባለ ስምንቱን መወድስ እያለ ወደ ረዣዥሞቹ ይወጣል። የኔታ ቅኔ ይዘርፋሉ፤ ምሥጢሩን ያብራራሉ። ተማሪው በበኩሉ ከሰው ርቆ፣ በዛፍ ጥላ ወይም በቤተ ክርስቲያን አጸድ ውስጥ ለብቻው ተቀምጦ ቅኔ ይቆጥራል፤ ማለትም በልቡ ይደርሳል። ቆጥሮ ሲጨርስ ከጓደኞቹ ጋር ተሰብስቦ ተራውን እየጠበቀ ይናገራል። የጀማሪዎቹን ቅኔ ብዙ ጊዜ የሚሰማው ቀድሞ የገፋው ተማሪ ነው። ዜማ ልኩ ሲጎድል፣ አገባቡ ሲሰበር፣ ሰሙ ከወርቁ ሳይገጥም ሲቀር እዚያው ይታረማል።

በዚህ ሥርዓት ውስጥ ሁለት ነገሮች ተጣምረው ይሄዳሉ። አንደኛው ማደፋፈር ነው፤ ቅኔው የጣመው ሰሚ «ይበል!» ይላል። ዛሬም አንድ ሥራ ሲያስደስት «ይበል የሚያሰኝ ነው» ይባላል። ሁለተኛው እርማት ነው፤ ሙገሳው እርማቱን አያስቀረውም፤ እርማቱም ተማሪውን ከጉባኤው አያስወጣውም። በነጋታው ሌላ አዲስ ቅኔ ይዞ ይመለሳል። አዲስ መሆኑ ደግሞ ግድ ነው። ቅኔ ለዕለቱ ተደርሶ ለዕለቱ ይባላል፤ የትናንቱን መድገምም ሆነ የሌላውን ሰው ቅኔ እንደ ራስ ማቅረብ ነውር ነው። በየቀኑ ፈጥሮ በየቀኑ የሚታረም ተማሪ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ምን ያህል ቋንቋ እንደሚገራ መገመት አያዳግትም።

ጉባኤው በአብዛኛው የወንዶች ነበር። ሆኖም የጎጃሟ ዓይነ ስውር የቅኔ መምህር እማሆይ ገላነሽ ሐዲስ ከአባታቸው ተምረው፣ ወንበር ዘርግተው ለማስተማር በቅተዋል። ቅኔ በቃል ተደርሶ በቃል የሚታረም በመሆኑ የዓይን ብርሃን ማጣት ከሊቅነት አላገዳቸውም።

አውጪና ተቀባይ

ከቅኔ ቤት ውጭ ያለው ሕዝብ ፊደል ሳይቆጥርም ይገጥም ነበር። በደቦና በወንፈል የሚያጭድ ገበሬ፣ በሰርግ ቤት የምታጨበጭብ ኮረዳ፣ በቡሄ ሆያ ሆዬ የሚል ልጅ፣ በዕንቁጣጣሽ አበባየሆሽ የምትል ልጃገረድ ሁሉም የሚሠሩበት ሥርዓት አንድ ነው፦ አንዱ ያወጣል፣ ሌሎቹ ይቀበላሉ። ተቀባዩ ሲሞቅ አውጪው አዲስ ስንኝ ያገኛል፤ ተቀባዩ ሲቀዘቅዝ ደግሞ ለሌላ አውጪ ቦታ ይለቃል። ስንኙ ቤት ካልመታ ወዲያው ይታወቃል።

የለቅሶ ቤት ግጥምም በዚህ መንገድ የተገነባ ነው። ሙሾ አውራጇ የሟቹን ግብር፣ የቤቱን ጉድለት፣ የቀሪዎቹን ሐዘን በግጥም ትደረድራለች፤ ለቀስተኛውም እየተቀበለ ይመልሳል። ከለቀስተኞቹ መካከል የራሱ ሐዘን ያለበት ሰው ተነሥቶ ሁለት ስንኝ ቢጨምር የሚከለክለው የለም። በትምህርት ቤት ግጥም ያልተማሩ እጅግ ብዙ ሴቶች ገጣሚ ሆነው የታወቁት በዚህ አደባባይ ነው።

አዝማሪ ቤት ደግሞ ለተራው ሰው ሌላ በር ከፍቷል። አዝማሪው መሰንቆውን እየገዘገዘ ሲያዜም እንግዳው «ተቀበል!» ይልና የራሱን ስንኝ ያቀብለዋል፤ አዝማሪው ተቀብሎ በዜማ ያወጣዋል። በዚህ ጊዜ የግጥሙ ባለቤት አድማጩ ነው፤ ባለሙያው ድምፁን ያበድረዋል። በአዲስ አበባ ካዛንቺስ የነበሩት አዝማሪ ቤቶች ይህን ልማድ እስከ ዘመናችን አድርሰውታል። ብዙ የሚታወቁ ባለ ሁለት ስንኝ ግጥሞች ደራሲያቸው የማይታወቀው እንዲህ ባለ ቤት ውስጥ ተወልደው ከአፍ ወደ አፍ ስለ ተላለፉ ነው።

ማተሚያ ቤትና ብቸኛው ገጣሚ

ብርሃንና ሰላም ማተሚያ ቤት በ1914 ዓ.ም. ተቋቋመ፤ በስሙ የምትጠራው ጋዜጣም በ1917 ዓ.ም. መውጣት ጀመረች። ግጥም በጋዜጣ ላይ ቦታ አገኘ፤ ከነጻነት በኋላ በ1933 ዓ.ም. የተጀመረው አዲስ ዘመንም ይህንኑ ቀጠለ። ኅትመት ለገጣሚ ትልቅ ነገር ሰጠው፦ ስሙ ከሥራው ጋር ተያይዞ ሩቅ አገር ደረሰ። የወሰደበትም ነገር ነበር። በጋዜጣ የታተመ ግጥም ፊት ለፊት የሚቀበለው ሰው የለውም፤ አንባቢው ይበል ማለቱን ወይም ማዘኑን ገጣሚው አይሰማም። የሚያርመውም እንደ የኔታ ስለ ሙያው የሚያስብ ሰው ብቻ አልነበረም፤ የሳንሱር ሹምም ነበረበት።

በዚህ ዘመን ከቅኔ ቤት ወደ ኅትመት ድልድይ የሠሩ ጸሐፊዎች አሉ። መንግሥቱ ለማ የቅኔ ሊቅ የነበሩትን አባታቸውን የአለቃ ለማ ኃይሉን ትዝታ እየሰሙ ጽፈው በመጽሐፍ አቆይተዋል፤ የቀድሞው ተማሪ ኑሮና የሊቃውንቱ ጨዋታ ምን ይመስል እንደነበር ከዚያ መጽሐፍ ይገኛል። የግጥም መድብላቸውን «የግጥም ጉባኤ» ማለታቸውም ከየት እንደ መጡ ይመሰክራል። የኢትዮጵያ ደራስያን ማኅበር በ1952 ዓ.ም. መመሥረቱ ደግሞ ጸሐፊዎች እርስ በርስ የሚገናኙበት ቤት አስገኘ።

የኮሌጅ ቀን

የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ በ1943 ዓ.ም. ማስተማር ሲጀምር ከየጠቅላይ ግዛቱ የመጡ ወጣቶችን በአንድ ግቢ አሰባሰበ። ከእነርሱም መካከል በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ያለፉ ነበሩ። በየዓመቱ በሚከበረው የኮሌጅ ቀን ተማሪዎች በግጥም ይወዳደሩ ጀመር፤ ንጉሠ ነገሥቱ አፄ ኃይለ ሥላሴም በበዓሉ ላይ ይገኙ ነበር። እዚህ የቀረቡት ገጣሚዎች ሙያቸው ግጥም አልነበረም፤ ሕግ፣ ታሪክ፣ ትምህርት የሚያጠኑ ተማሪዎች ነበሩ። የሚያዳምጣቸው ግን አብሯቸው የሚያድር፣ ችግሩንም ተስፋውንም የሚጋራቸው ጓደኛ ነበር።

በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. የተሞከረው መፈንቅለ መንግሥት ከከሸፈ ጥቂት ወራት በኋላ ተማሪው ታምሩ ፈይሳ በዚሁ መድረክ «ድሃው ይናገራል» የተሰኘውን ግጥም አነበበ። የባላገሩን ጉስቁልና በግልጽ ቋንቋ ማውጣቱ ተማሪውን አነቃነቀ፤ መንግሥትን ደግሞ አስቆጣ። ከዚያ ወዲህ መድረኩ በጥርጣሬ ዓይን ይታይ ጀመር። በ1950ዎቹ መጨረሻ ኃይሉ ገብረ ዮሐንስ (ገሞራው) «በረከተ መርገም»ን ይዞ ቀረበ፤ ግጥሙ የዚያን ትውልድ ቁጣ ከሚወክሉት ሥራዎች አንዱ ሆኖ ይጠቀሳል። እነዚህ ወጣቶች ስሜታቸውን ለመድብል ቢያቆዩት ኖሮ የሳንሱርን በር ማለፋቸው ያጠራጥራል። በአዳራሽ ውስጥ በድምፅ የተሰማ ቃል ግን ተመልሶ አይታፈንም፤ ጭብጨባውም ለተከታዩ ዓመት ገጣሚ ድፍረት ሆነው።

በዚያው ዘመን ስለ ግጥም ቅርጽ ክርክር ተነሣ። ገጣሚው ሰሎሞን ዴሬሳ በ1963 ዓ.ም. ያሳተመው «ልጅነት» የተሰኘ መድብል ከተለመደው የቤት አመታትና የስንኝ ልክ እየወጣ በመጻፉ ብዙ አነጋገረ። እስከዚያ ድረስ ጀማሪ ገጣሚ የሚለካው በአብዛኛው በወል ቤት ነበር፤ በዚህ ልክ እያንዳንዱ ስንኝ ስድስት ስድስት ቀለም ባላቸው ሁለት ሐረጎች ይሠራል። አምስት አምስት ቀለም ያለው ሰንጎ መገንም እንዲሁ የታወቀ ነበር። ከዚህ ክርክር በኋላ ግን «ይህ ግጥም ነው ወይስ አይደለም?» የሚለው ጥያቄ ራሱ በየጉባኤው መወያያ ሆነ።

ኪነት፣ ሚኒ ሚዲያና የወር ምሽት

በደርግ ዘመን በየቀበሌውና በየመሥሪያ ቤቱ የኪነት ቡድኖች ተቋቋሙ። ቡድኖቹ የመንግሥትን ዓላማ እንዲያስተጋቡ የተደራጁ በመሆናቸው የግጥሙ ርዕስ አስቀድሞ የተወሰነ ነበር። ያም ሆኖ ብዙ ወጣቶች በሰው ፊት ቆሞ ማንበብን፣ ድምፅን መቆጣጠርን፣ ስንኝን በቃል መያዝን የተማሩት እዚያ ነው። በትምህርት ቤቶች ደግሞ ሚኒ ሚዲያ ጠዋት ሰልፍ ላይና በዕረፍት ሰዓት የተማሪን ግጥም ያሰማ ነበር። ለብዙ ልጆች በድምፅ ማጉያ የተነበበ የመጀመሪያ ግጥማቸው የገጣሚነታቸው መነሻ ሆኗል።

በ1985 ዓ.ም. የወጣው የፕሬስ ነጻነት አዋጅ ቅድመ ምርመራን (ሳንሱርን) አስቀረ። ጋዜጦችና መጽሔቶች በዙ፤ በ1992 ዓ.ም. የተጀመረውን አዲስ አድማስን የመሳሰሉ ጋዜጦች ለግጥም ቋሚ ቦታ ሰጡ። በራሱ ወጪ መድብል የሚያሳትም ወጣትም ተበራከተ። ስድስት ኪሎ የሚገኘው የዩኒቨርሲቲው ባህል ማዕከል ለጀማሪዎች መድረክ ሆነ። ከዚያም በ2000ዎቹ ዓ.ም. መጀመሪያ ዓመታት «ጦቢያ ግጥምን በጃዝ» በራስ ሆቴል በየወሩ ይቀርብ ጀመር፤ ሰው የመግቢያ ከፍሎ፣ ከጃዝ ሙዚቃ ጋር የሚነበብ ግጥም ሊሰማ አዳራሽ ሞላ። አድማጭ አለ የለም ለሚለው ጥርጣሬ ይህ በቂ መልስ ነበር።

ፊደሉ ወደ ስልክ ሲገባ

ግጥም በኢንተርኔት ለመለዋወጥ መጀመሪያ ፊደሉ መግባት ነበረበት። በ1980ዎቹ ዓ.ም. በአማርኛ የሚጽፉ የኮምፒውተር ፕሮግራሞች ቢኖሩም እርስ በርስ አይግባቡም ነበር፤ በአንዱ የተጻፈ ግጥም በሌላው ሲከፈት ትርጉም የለሽ ምልክት ይሆናል። በዚህ ምክንያት በአሜሪካና በአውሮፓ ያሉ ኢትዮጵያውያን ብዙ ጊዜ አማርኛውን በላቲን ፊደል ይጻጻፉ ነበር። ግጥም በዚህ ይበልጥ ይጎዳል፤ የ«ጸ»ና የ«ሰ» ልዩነት ከጠፋ ሰምና ወርቅ አብሮ ይደበዝዛል። እ.ኤ.አ. በ1999 የግዕዝ ፊደል በዩኒኮድ 3.0 ውስጥ ሲካተት እያንዳንዱ ፊደል በዓለም ሁሉ አንድ ቁጥር አገኘ። ስልኮች ይህን ሥርዓት መደገፍ ከጀመሩ በኋላ በባሕር ዳር የተጻፈ ስንኝ በሪያድ፣ በቴል አቪቭ ወይም በዋሽንግተን ሳይበላሽ የሚነበብ ሆነ።

ፌስቡክ፣ ቀጥሎም ቴሌግራም የግጥም መለዋወጫ የሆኑት በዚህ መሠረት ላይ ነው። በገጽና በቻናል ላይ ግጥም በጽሑፍ ይለጠፋል፤ በድምፅም ተቀድቶ ከክራር ወይም ከዋሽንት ዜማ ጋር ይላካል። የንባብ ድምፅ መመለሱ ቀላል ነገር አይደለም፤ ኅትመት ያስቀረውን የጆሮ ጉባኤ መልሶ አምጥቷል። በአንዳንድ ቡድኖች አንድ ርዕስ ይሰጥና ሁሉም በዚያው ርዕስ ይገጥማል፤ ወይም አንዱ የጀመረውን ስንኝ ሌላው እየተቀበለ ይቀጥላል። አውጪና ተቀባይ፣ «ተቀበል!» የሚለው ጥሪም እንደገና መጡ። በባዕድ ቤት ተቀጥራ የምትሠራና ከምትኖርበት ግቢ የማትወጣ ሴት እንኳ ሌሊት በስልኳ ግጥሟን አካፍላ ንጋት ላይ መልስ ታገኛለች።

የዚህ ጉባኤ ጉድለትም ከቅኔ ቤት ጋር ሲነጻጸር ይታያል። ላይክና የልብ ምልክት «ይበል!» ይላሉ፤ እርማት ግን አይዙም። «ግሩም ነው» የሚል አስተያየት በደርዘን የሚያገኝ ጀማሪ የትኛው ስንኝ ቤት እንዳልመታለት፣ የትኛው ቃል ከልክ እንደ ተረፈ የሚነግረው ሰው ላያገኝ ይችላል። በሌላ በኩል በግልጽ የተሰጠ እርማት ብዙ ሰው እያየ ስለሚነገር እንደ ስድብ ይቆጠራል። የግጥም ስርቆትም አለ፤ ግጥሙ ከቻናል ወደ ቻናል ሲዛወር የገጣሚው ስም በመንገድ ይወድቃል። ቅኔ ቤት ነውር ብሎ የከለከለውን ነገር ስልክ አቅልሎታል።

ጉድለቱን አይተው ሥርዓት ያበጁ ቡድኖችም አሉ። ግጥሙ ሲቀርብ የገጣሚው ስም እንዲጻፍ ያስገድዳሉ፤ ቀድመው የጻፉ አባላት የጀማሪዎችን ሥራ አንብበው በውስጥ መስመር እርማት እንዲሰጡ ይመድባሉ። ይህ ቀድሞ የገፋው ተማሪ በቅኔ ቤት ይሠራው የነበረ ሥራ ነው። በስክሪን የተዋወቁ ገጣሚዎች በአካል የሚገናኙበትን ቀን ይቆርጣሉ፤ አዳራሽ ተከራይተው ግጥማቸውን ፊት ለፊት ያነባሉ። ከመካከላቸው ገንዘብ አዋጥተው የጋራ መድብል ያሳተሙ አሉ። የግጥሙ መንገድ በዚህ ጊዜ ከስልክ ወደ አዳራሽ፣ ከአዳራሽ ወደ ወረቀት ሆኗል፤ ማደፋፈርና እርማትም እንደገና በአንድ ጉባኤ ተቀምጠዋል።