የባለመኪናው ዕዳ

አውቶሞቢል አዲስ አበባ የገባው በምኒልክ ዘመን፣ በ1900 ዓ.ም. ገደማ ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ደግሞ በቁጥር 2081 ቁርጡን ተናገረ፦ መኪናው ጉዳት ካደረሰ፣ ካልተሰረቀበት በቀር፣ ሾፌሩ ያልተፈቀደለት ሰው እንኳ ቢሆን ተጠያቂው ባለቤቱ ነው። «እኔ አላጠፋሁም» ቢል አይድንም። ያጠፋው ተጎጂው ራሱ ከሆነ ግን ዕዳው ይቀልለታል። ሁለት መኪናዎች ሲጋጩስ? ሌላ እስኪረጋገጥ ድረስ እኩል እንዳጠፉ ይቆጠራል፤ እንግዲህ ምስክሩን ቶሎ የያዘ ይጠቀማል።

መቼም ደግ ሕግ ነው። ታዲያ የባለመኪናው ኪስ ባዶ ሲሆን ፍርዱ ምን ይበላል? የሦስተኛ ወገን መድን ግዴታ የሆነው በአዋጅ 559/2000 ነው፤ ከሕጉ 48 ዓመት በኋላ! ያም ሆኖ ጉዳዩ ረዘም ያለ የይርጋ ጊዜ ያለው ወንጀል ካልሆነ፣ በ2 ዓመት ውስጥ ያልከሰሰ መብቱን ያጣል። እግሩ ተሰብሮ አልጋ ላይ የዋለ ሰው ቀን የሚቆጥርለት ዘመድ ያስፈልገዋል።